ካፓብላንካ በኮምፒዩተር ሚዛን

በዚህ እትም ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ የጦር መሪ ወይም የመንግሥት ሰው ታሪክ ሳይሆን የአንድ የቼዝ ተጫዋች ታሪክ ነው። ለጨዋታ ሰው ይህን ያህል ገጽ መፍጀት ምን ይባላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ሆሴ ራውል ካፓብላንካን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ካፓብላንካ ከአንዲት ደሴት ተነሥቶ ባዕድ አገር ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በሰው ገንዘብ የተማረ፣ ትምህርቱንም ሳይጨርስ የወጣ ተማሪ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከዚህም በላይ ከሞተ ከ60 ዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ለፍርድ ቀርቧል፤ ዳኛውም ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር ነበር። የፍርዱ ቃል ብዙዎችን አስገርሟል፤ እኛንም አከራክሮናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት ስለ ጨዋታው ስም ጥቂት እንበል። ቼዝን አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። ቃሉ እዚህ በየቡና ቤቱ ሸጠረንጅ ሲባል ከምንሰማው የዓረብኛ ቃል ጋር ዘመድ ሲሆን፣ ሁለቱም ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም አልፎ ወደ ህንድ ይመራሉ። በአገራችን የቆየው አጨዋወት ግን የራሱ ጠባይ ነበረው፤ በመጀመሪያው ላይ ተራ መጠበቅ የለም፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። እንዲህ ያለውን ወረራ ኮምፒዩተር እንዴት አድርጎ እንደሚመዝነው ለሒሳብ ተማሪዎቻችን እንተወውና ወደ ታሪካችን እንለፍ።

ካፓብላንካ የተወለደው ኖቬምበር 19 ቀን 1888 ሃቫና ላይ ነው። ኩባ ያን ጊዜ የእስፓኝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ አባቱም በእስፓኝ ጦር ውስጥ መኮንን ነበሩ። እሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ሲጫወቱ አጠገባቸው ቆሞ ይመለከት ነበር። አንድ ቀን አባትየው ፈረሳቸውን ከደንቡ ውጪ አንቀሳቅሰው ሳይታወቅባቸው አሸነፉ። ልጁ ሳቀባቸው፤ ያደረጉትንም ነገራቸው። አባት ልጁ ጨዋታውን ያውቃል ብለው አላሰቡም ነበርና ተቆጡ፤ ሆኖም አስቀምጠው ቢገጥሙት ተሸነፉ። ደንቡን ያስተማረው ማንም አልነበረም፤ በማየት ብቻ ነው የያዘው።

ይህ ተረክ ካፓብላንካን ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። በእኛ አስተያየት ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። ዓለም ሁሉ ይህ ሰው መማር አያስፈልገውም ብሎ አመነ፤ እሱም ራሱ ሳያምን አልቀረም።

በ1901 መጨረሻ፣ 13ኛ ዓመቱን በያዘበት ሰሞን፣ የኩባን ሻምፒዮን ሁዋን ኮርሶን ገጠመ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን ተነሥቶ በ4 ድል፣ በ3 ሽንፈትና በ6 አቻ ግጥሚያውን አሸነፈ። ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተላከና በ1906 ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ሆነ። ወጪውን የሚችልለት አንድ ኩባዊ ባለሀብት ነበር። በዩኒቨርሲቲው ቤዝቦል ይጫወት ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ፣ አንዳንዴም ያልተረፈውን፣ በማንሃታን የቼዝ ክለብ ያሳልፍ ነበር። ባለሀብቱ ልጁ ከቀመሩ ይልቅ ሰሌዳውን እንደመረጠ ሲያውቅ ድጎማውን አቋረጠ። ካፓብላንካም በ1908 ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። የድጎማ መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዓመቱ፣ በ1909፣ የአሜሪካን ታላቅ ተጫዋች ፍራንክ ማርሻልን ገጥሞ 8 ጨዋታ ሲያሸንፍ የተሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር፤ 14ቱ አቻ ወጡ። በ1911 እስፓኝ ውስጥ በሳን ሴባስቲያን ታላቅ ውድድር ሲዘጋጅ ካፓብላንካም ተጋበዘ። ኦሲፕ በርንስታይንና አሮን ኒምዞቪች የተባሉ ሁለት የታወቁ ተጫዋቾች ይህ ልጅ ምን ሠርቶ ነው ከእኛ ጋር የሚቀመጠው በማለት ተቃወሙ። ካፓብላንካ ሁለቱንም አሸነፈ። በርንስታይንን ያሸነፈበት ጨዋታ የውበት ሽልማት አገኘ፤ የውድድሩም አንደኛ እሱ ሆነ። ከ1913 ጀምሮ የኩባ መንግሥት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ ሹመት ሰጠው። ሹመቱ ከባድ ሥራ አልነበረበትም፤ ዋናው ተግባሩ በየአገሩ እየዞረ ቼዝ በመጫወት የኩባን ስም ማስጠራት ነበር።

እዚህ ላይ በ1918 ኒው ዮርክ ላይ የተደረገውን አንድ ጨዋታ ጠለቅ ብለን እንመልከት። ያው ማርሻል በካፓብላንካ ፊት አዲስ መክፈቻ አወጣ፤ አንድ ወታደር በነፃ ሰጥቶ በንጉሡ ላይ በሙሉ ኃይሉ መዝመት ነው። ማርሻል ይህን ዘዴ ለዓመታት ደብቆ ለካፓብላንካ አስቀምጦት ነበር እየተባለ ይነገራል፤ ይህ ነገር ከአፈ ታሪክ ያለፈ መረጃ ያለው አይመስለንም። ካፓብላንካ ወጥመድ እንደ ተዘጋጀለት እያወቀ ወታደሩን በላ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እየቆጠረ፣ ሌላው ቤቱ ተቀምጦ ያጠናውን እሱ እዚያው ወንበሩ ላይ ማግኘት ነበረበት። ማርሻል ፈረሱን እንዲበላለት ንጉሡ ደጃፍ ድረስ አቅርቦ ሲሰጠው፣ ካፓብላንካ ፈረሱን ትቶ በ14ኛው እርምጃ ንግሥቲቱን ወደ መከላከያው አወጣት። ጨዋታውን በ36 እርምጃ አሸነፈ።

ይህ ጨዋታ ዛሬ ለኮምፒዩተር ቢሰጥ መልሱ በሁለት በኩል የሚጠቅም ነው። የማርሻል ሐሳብ ከንቱ አልነበረም፤ ጥቁሩ በ11ኛው እርምጃ ላይ ማርሻል ራሱ ቆይቶ ባገኘው ማሻሻያ ከተጫወተ የሰጠው ወታደር ዋጋውን ያወጣል፤ ዛሬም የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ይጠቀሙበታል። ሆኖም ንግሥቲቱ የወጣችበትን ያን እርምጃ ኮምፒዩተሩም ያጸድቃል፤ ፈረሱ ቢበላ ኖሮ ጨዋታው ያልቅ ነበር። ካፓብላንካ ይህን ያየው በሚሊዮን የሚቆጠሩ አማራጮችን ዘርዝሮ አይደለም። ታዲያ በምን አየው? የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡንም።

ከፌብሩዋሪ 1916 ጀምሮ እስከ ማርች 1924 ድረስ፣ ለስምንት ዓመታት፣ በከባድ ውድድር አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ከ63 ጨዋታዎች 40ውን አሸነፈ፣ 23ቱ አቻ ወጡ። በ1921 ሃቫና ላይ ዘውዱን ለ27 ዓመታት ይዞ የቆየውን ኢማኑኤል ላስከርን 4 ለ0 አሸንፎ በ10 አቻ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1922 በአሜሪካ የክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ጊዜ ከ103 ሰዎች ጋር ገጥሞ 102ቱን ሲያሸንፍ ከአንዱ ጋር አቻ ወጣ። ጋዜጦች የቼዝ መሣሪያ ይሉት ጀመር። ያን ጊዜ ይህ ቃል ምስጋና ነበር።

መሣሪያ ካልን ዘንድ አንድ ነገር እናንሣ። ሊዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ የተባለ እስፓኛዊ መሐንዲስ በ1912 አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በንጉሥና በግንብ ብቻውን የቀረውን የጠላት ንጉሥ መያዝ። ካፓብላንካ በ1921 ለጀማሪዎች ያሳተመውን መጽሐፍ የገለጠ ሰው የመጀመሪያው ምሳሌ ይኸው ሆኖ ያገኘዋል፤ ንጉሥና ግንብ በንጉሥ ላይ። ካፓብላንካ ቼዝ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መጠናት አለበት የሚል እምነት ነበረው፤ ጥቂት ሠራዊት ሲቀር ምን እንደሚሆን ያላወቀ ሰው ብዙ ሠራዊት ይዞ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ሰውዬውና መሣሪያው ሳይተዋወቁ ትምህርታቸውን ከአንድ ቦታ ጀምረዋል።

አሁን ወደ ክፉው ዘመን እንሻገር። ሻምፒዮኑ በ1922 ለንደን ላይ አንድ ደንብ አስጸደቀ፤ ለዘውዱ መግጠም የሚፈልግ ሁሉ 10,000 ዶላር ማስያዝ አለበት። በዚያ ዘመን ይህ ከባድ ገንዘብ ስለነበር ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ከደጅ ቀሩ። በመጨረሻ ገንዘቡን ያገኘው ፓሪስ የሚኖረው ሩሲያዊ አሌክሳንደር አሌኪን ሲሆን ግጥሚያው በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አሌኪን እስከዚያ ቀን ድረስ ካፓብላንካን በውድድር አንድ ጊዜ እንኳ አሸንፎ አያውቅም ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በኒው ዮርክ ውድድር ካፓብላንካ አንደኛ ሲወጣ ከሁለተኛው ከአሌኪን በ2 ተኩል ነጥብ ይበልጥ ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም።

አሌኪን ግን ከዚያ በኋላ ለብቻው ተቀምጦ የካፓብላንካን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ዘርግቶ መረመረ። ኮምፒዩተር ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ የሠራውን ሥራ እሱ በብዕርና በወረቀት ሠራው ማለት ነው። በኋላ እንደ ጻፈው፣ ያገኘው ነገር ያልጠበቀውን ነበር። ዓለም እንከን የለሽ የሚለው ሰው በየጨዋታው ትናንሽ ግድፈቶች አሉበት፤ ከባድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠልቆ ከማስላት ይልቅ ለዓይኑ ደህና የመሰለውን የመጀመሪያውን እርምጃ ይወስዳል፤ ሌሎቹ በፍርሃት ስለሚጫወቱ ብቻ ሳይቀጣ ያልፋል።

ግጥሚያው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ቆየ። ደንቡ መጀመሪያ 6 ጨዋታ ያሸነፈ ዘውዱን ይወስዳል የሚል ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሌኪን አሸነፈ። ከ34 ጨዋታዎች 25ቱ አቻ ሲወጡ ካፓብላንካ 3፣ አሌኪን 6 አሸነፉ። በ27ኛው ጨዋታ ካፓብላንካ ድሉ በእጁ ገብቶ ሳለ ንጉሡን ወደማይሆን ቦታ አንቀሳቀሰና አሌኪን ያለማቋረጥ ንጉሡን እያስጨነቀ አቻ አወጣ። ዛሬ ይህን ስሕተት የኪስ ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ዓይን ሳይርገበገብ ያሳያል። ካፓብላንካ ዘውዱን እንደገና ለማግኘት ቀሪ ዕድሜውን ቢለምንም ተመላሽ ግጥሚያ አላገኘም። አሌኪን የጠየቀው ያንኑ 10,000 ዶላር ነበር፤ በ1929 የገንዘብ ገበያው ሲወድቅ ደግሞ ገንዘቡ ከናካቴው የማይገኝ ሆነ። ካፓብላንካ ለሌላው ያጠረው አጥር ራሱን ከውጭ አስቀረው።

የዘመኑ ሰዎች የሰጡት ፍርድ አጭር ነበር፤ ተሰጥኦው ታላቅ፣ ጥረቱ ትንሽ። ይህ ፍርድ በመጻሕፍት እየተቀዳ ለብዙ ዓመታት ቆየ።

በ2006 ማቴይ ጉይድና ኢቫን ብራትኮ የተባሉ ሁለት የስሎቬንያ ሊቃውንት፣ የሊዩብሊያና ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች፣ ጉዳዩን በኮምፒዩተር መረመሩት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከሽታይኒትስ እስከ ክራምኒክ ያሉ ሻምፒዮኖች ለዘውድ ሲጋጠሙ የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች ክራፍቲ ለተባለ የቼዝ ፕሮግራም ሰጡት። ፕሮግራሙ ከ12ኛው እርምጃ ጀምሮ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የሁለቱንም ወገን ተራ በተራ ቆጥሮ 12 ተራ ወደፊት ያሰላል፤ ከዚያም የተሻለ የሚለውን እርምጃ ይመርጣል። ሻምፒዮኑ የተጫወተው ከዚያ የሚያንስ ከሆነ ልዩነቱ በወታደር ዋጋ እየተለካ ይመዘገባል። በመጨረሻ የእያንዳንዱ ሰው አማካይ ስሕተት ይወጣል። ሰንጠረዡ በሰንጠረዥ ተቀመጠ ማለት ነው። ከሁሉ አነስተኛ ስሕተት የተገኘበት ሰው ካፓብላንካ ሆነ፤ በአማካይ በየእርምጃው የአንድ ወታደር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ።

ይህ ውጤት ሲሰማ ተቃውሞ ተነሣ። ክራፍቲ ራሱ ከታላላቆቹ ሻምፒዮኖች ያንሳል፤ ተማሪ መምህሩን እንዴት ያርማል ተባለ። ተመራማሪዎቹ በኋላ ራይብካ የተባለውን ይበልጥ ብርቱ ፕሮግራም ጭምር አምጥተው ሥራውን ደገሙት፤ ካፓብላንካ ከላይኛው ስፍራ አልወረደም። በ2017 ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ስቶክፊሽ በተባለው እጅግ ኃይለኛ ፕሮግራም የሻምፒዮኖቹን ወደ 26,000 የሚጠጉ ጨዋታዎች በሌላ የሒሳብ ዘዴ አስመርምሮ አንደኝነቱን ለኖርዌያዊው ለማግኑስ ካርልሰን ሰጠ። እንግዲህ ዳኛውም እንደ ጠያቂው ነው።

እኛ የተከራከርነው በ2006ቱ ውጤት ላይ ነው። አንዳንዶቻችን ካፓብላንካ በግፍ እንደ ተፈረደበት ተመለከቱት። የተመረመሩት የዘውድ ግጥሚያዎች ናቸው፤ ካፓብላንካ ደግሞ ለዘውድ የተጫወተው በ1921 14 ጨዋታ፣ በ1927 34 ጨዋታ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ካመሰገናቸው 48 ጨዋታዎች መካከል አብዛኛዎቹ ተሸንፎ ከወጣበት ግጥሚያ የተወሰዱ ናቸው። ሰነፍ የተባለው ሰው በወደቀበት ወቅት እንኳ ይህን ያህል ትክክል ነበር።

ሌሎቻችን ግን ወዲያው አልተቀበልነውም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የየጨዋታውን ውስብስብነት ለክተው፣ ካፓብላንካ የሚመርጣቸው ቦታዎች ቀለል ያሉ እንደነበሩና ውጤቱም በዚህ መንፈስ መታየት እንዳለበት ጽፈዋል። በጠራ መንገድ የሚሄድ ብዙ አይደናቀፍም። እርግጥ መንገዱን ያጠራው እሱ ራሱ ነው፤ ሠራዊቱን እያለዋወጠ፣ ጫካውን እየመነጠረ፣ የተቃዋሚውን ጥቃት ገና ሳይጸነስ እያመከነ። ይህ ታላቅ ችሎታ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ለዚህ ነጥብ አይሰጥም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን የመጀመሪያዎቹ 11 እርምጃዎች ከምርመራው መውጣታቸው ነው። ለሳይንሱ ተገቢ ነው፤ መክፈቻ ከመጽሐፍ የሚሸመደድ ስለሆነ ስለ ተጫዋቹ አይናገርም። ነገር ግን አሌኪን ካፓብላንካን የበለጠበት የቤት ሥራ በከፊል የተሠራው እዚያው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርቶ የተዘጋጀውና ያልተዘጋጀው ሰው በ12ኛው እርምጃ ላይ እኩል ቆመው ይጀምራሉ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በሰሌዳው ፊት የተቀመጠውን ካፓብላንካ ነፃ አውጥቶታል፤ ስለ ዋዜማው ምሽት ግን አልጠየቀውም።

ካፓብላንካ ራሱ በ1920ዎቹ ሌላ ፍርሃት ነበረው። ታላላቅ ተጫዋቾች ቴክኒኩን ሁሉ ስለሚያውቁት ቼዝ በአቻ ብዛት ይሞታል ብሎ ሰጋ፤ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 8 የሆነ ባለ 80 ቤት ሰሌዳና ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት አዳዲስ ኃይሎች ይጨመሩ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሰዎች ዘውዱን ያጣ ሰው ቁጭት ነው ብለው ተሳለቁበት። በሰዎች መካከል ፍርሃቱ አልደረሰም፤ ጨዋታው ዛሬም ሕያው ነው። በኮምፒዩተሮች መካከል ግን ደርሷል። ኃያላኑ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ አቻ ስለሚበዛ አዘጋጆቹ ሆን ብለው ለአንዱ ወገን ያደላ መክፈቻ መርጠው ይሰጧቸዋል።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት በአጭሩ እንናገር። በ1936 የሞስኮን ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከወጣቱ ሚካኤል ቦትቪኒክ ጋር አንደኛነቱን ተካፈለ፤ አሌኪንንም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አግኝቶ ረታው። የደም ግፊት ግን እያደከመው ነበር። በ1938 በሆላንድ ስምንት ታላላቅ ተጫዋቾች በየከተማው እየዞሩ በተጋጠሙበት ውድድር 50ኛ ዓመቱን ሞላ፤ ሰባተኛ ወጣ። እዚያ ከቦትቪኒክ ጋር ያደረገው ጨዋታ እስከ ዛሬ ይነገራል። የካፓብላንካ ንግሥት የቦትቪኒክን ወታደር መንገድ ዘግታ ቆማ ነበር። ቦትቪኒክ በ30ኛው እርምጃ ጳጳሱን በነፃ አቀረበላት፤ ንግሥቲቱ ከቦታዋ ተስባ ሄደች፤ ቀጥሎ ፈረሱን ሠዋ፤ ወታደሩም መንገዱ ተከፈተለት። ይህ ቦታ ለብዙ ዓመታት ለቼዝ ፕሮግራሞች ፈተና ሆኖ ሲሰጥ ቆይቷል። የጥንቶቹ ፕሮግራሞች ትርፉ እጅግ ርቆ ስለሚገኝ ጳጳሱን እንደ ባከነ ይቆጥሩት ነበር፤ የዛሬዎቹ ወዲያው ያገኙታል። ቦትቪኒክ በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ በ1970 ከውድድር ከወጣ በኋላ ብዙ ድካሙን እንደ ግራንድ ማስተር የሚያስብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመሥራት አዋለው። ይህ ሰው በ1925 የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ሌኒንግራድ ላይ ሻምፒዮኑ ከብዙዎች ጋር በአንድ ጊዜ ሲጫወት ካሸነፉት መካከል አንዱ ነበር።

ካፓብላንካ በ1939 ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገው ኦሊምፒያድ ለአገሩ ለኩባ በአንደኛ ሰሌዳ ተሰልፎ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ማርች 7 ቀን 1942 ማታ፣ በተማሪነቱ ዘመን ትምህርቱን ጥሎ ይሄድበት በነበረው በማንሃታን የቼዝ ክለብ፣ ሰዎች ሲጫወቱ ቆሞ እየተመለከተ ሳለ ወደቀ። ላስከር ባለፈው ዓመት ወደ ሞተበት ሆስፒታል ተወሰደና በማግሥቱ አረፈ። 53 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ወደ ሃቫና ተመልሶ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ተቀበረ፤ በመቃብሩም ላይ ከነጭ እብነ በረድ የተቀረጸ አንድ ትልቅ የቼዝ ንጉሥ ቆሟል።